ለባሌ የመጣው ምርመራ

ባለቤቴ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው። በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት ጥቂት ስለሆኑ ጭሮ ያለው ቤታችን በአብዛኛው የእኔና የአባቱ ነው። ልጆቻችን አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። አማቴ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ወደ እኛ ሲገቡ "ከአማት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ይከብዳል" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አልከበደኝም። ጠዋት ወደ ጨርቅ ሱቄ ስወጣ በረንዳው ላይ ሆጃቸውን ይዘው ይመርቁኛል፤ ሆጃ የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ የሚጠጣው ነው። ስመለስ ደግሞ የሰፈሩን ወሬ አጣርተው ይጠብቁኛል።

ንጽሕና የሚወዱ ሰው ናቸው። ጫት ነጋዴ በነበሩ ጊዜ ከእስሩ መሐል አንድ የጠወለገ ቅጠል ካዩ ፈትተው እንደገና ያስሩ ነበር ይባላል። ጀለቢያቸው ነጭ ነው፤ ጠብታ ካረፈበት ወዲያው ይለወጣል። ዓይናፋርም ናቸው። በልጆቻቸው ፊት እንኳ "ሆዴን አመመኝ" ብለው አያውቁም። ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ "እስቲ ግቢውን ልየው" ነው የሚሉት። እኔም አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ግቢው እንዴት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

እንግዲህ የሰገራ ምርመራ የመጣላቸው ለእኚህ ሰው ነው።

ያመጣችው ሴት ልጃቸው፣ የባሌ ታናሽ እህት ናት። አዲስ አበባ በነርስነት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት መሰላ ይኖሩ የነበሩት አጎቷ፣ የአማቴ ታናሽ ወንድም፣ በአንጀት ካንሰር አረፉ። ሆዳቸውን ሲያማቸው መጀመሪያ አሜባ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ኪንታሮት ነው ተባለ፤ የአገር መድኃኒቱም ተሞከረ። አዲስ አበባ ሲደርሱ በሽታው ወደ ጉበታቸው አልፎ ነበር። እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡን ሁሉ ሳላስመረምር እንቅልፍ አይወስደኝም ትላለች።

ለኢድ ስትመጣ ምሳ በልተን እጃችንን ከመታጠባችን ከሻንጣዋ ትንንሽ ካርቶኖች አወጣች።

"አባ" አለች፣ "አጎቴን የወሰደው ነገር ገና ሲጀምር ቢገኝ ኖሮ ዛሬ አብሮን ምሳ ይበላ ነበር።"

"የአላህ ውሳኔ ነው" አሉ።

"ነው። ግን እርስዎ ወንድሙ ነዎት። ይሄ በሽታ በቤተሰብ ይሄዳል። ይሄ ደግሞ እዚሁ ቤት የሚሠራ ምርመራ ነው። ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ካለ ያሳያል።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አማቴ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "ሰው ምግብ በሚበላበት ቤት?" አሉ። ከዚያም ተነሡ፣ ኮፊያቸውን አጠለቁ፣ የሰላት ሰዓት ገና ሳይደርስ ወደ መስጊድ ሄዱ።

እሷ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ደንግጬ ነበር።

"አንቺን ይሰሙሻል" አለችኝ። "እኔን ልጃቸው ስለሆንኩ ይቆጡኛል። አንቺን ግን ያፍሩሻል።"

"ስለሚያፍሩኝ እኮ ነው የማይሆነው።"

"ግድየለም፣ ትችያለሽ።"

በነጋታው ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት ማድ ቤት ወስዳ አሠራሩን አሳየችኝ። ካርቶኑ ውስጥ ከጣት የማትበልጥ ብልቃጥ አለች። ብልቃጧ ውሃ የመሰለ ነገር ይዛለች፣ ክዳኗ ላይ ደግሞ ቀጭን ዘንግ ተያይዟል። ሌላው ነጭ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው፤ የወባ ወይም የእርግዝና መመርመሪያ ያየ ሰው ያውቀዋል። እሷ ሙዝ ልጣ ሳህን ላይ አስቀመጠችና ስቴኪኒ ያዘች።

"ይሄ እንግዲህ እሱ ነው እንበል" ብላ ሙዙን እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አደረገችው። "ጫፉ ላይ የቀረው ብቻ ይበቃል። ማንም ማንኪያ ሙሉ አልጠየቀም። ዘንጉን ወደ ብልቃጡ መልሰሽ ትወዘውዢዋለሽ። ከዚያ ፕላስቲኩ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ታንጠባጥቢበታለሽ። ጥቂት ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። አንድ መስመር ከመጣ ደም አልተገኘም። ሁለት ከመጣ ትደውይልኛለሽ።"

ሲያበቃ ሙዙን በላችው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሙዝ አላማረኝም።

ሁለት ካርቶን ትታ ሄደች፤ አንዱ ለአባቷ፣ አንዱ ለወንድሟ ለባሌ። የራሷን ሠርታ ጨርሳለች።

ባሌ መንገድ ላይ ስለነበር የመጀመሪያው ሥራዬ አማቴ ሆኑ። ካርቶኑን ከመኝታቸው አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ሱቅ ውዬ ስመለስ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አገኘሁት። መልሼ አወረድኩት፤ በማግስቱ በፎጣ ተሸፍኖ ነበር። ስለ እሱ ስናወራም ስሙን አይጠሩትም። "ጉዳዩ" ይሉታል። "ያ ጉዳይ ይቆየን" ይላሉ።

አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሼኹን ጠየቅኳቸው" አሉ።

"ምን ብለው ጠየቋቸው አባዬ?"

"ነጃሳ ነገር በብልቃጥ ይዞ ቤት ማስገባት ይቻላል ወይ ብዬ። ለሕክምና ከሆነ ምን ችግር አለው፣ ነጃሳ ሲታጠብ ይሄዳል፣ በሽታ ግን በውዱእ አይሄድም አሉኝ።"

"እንግዲያው ተፈታ!"

"አልተፈታም" አሉና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። "እኔ ብቻዬን እንደ ሕፃን ልጅ ልሆን ነው? አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"አንቺም ታደርጊው እንደሆነ አደርገዋለሁ።"

እውነቱን ለመናገር እኔ የለሁበትም ብዬ ነበር ያሰብኩት። በሽታው የእነሱ ቤተሰብ ነው። እኔ የስልጤ ነጋዴዎች ልጅ ነኝ፤ በዘራችን የአንጀት በሽታ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ሆዴን አሞኝ አያውቅም፣ ደምም አይቼ አላውቅም። ግን እኚህ ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ከፈት ሲያደርጉልኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ለባሌ የመጣው ካርቶን ቁጭ ብሏል። ወደ እህቱ ደወልኩ።

"ዕድሜሽ እኮ ደርሷል" አለችኝ። "የወር አበባሽ ሄዷል አይደል? የሚደማ ኪንታሮት የለብሽም? እንግዲያው የእሱን ውሰጂው። ለእሱ ሌላ እልካለሁ።"

የቀረው መቀበያ ዕቃ ነበር። የእኛ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓድ ደግሞ ምንም ነገር አይወሰድም። ጓዳ ውስጥ የልጆቼ አሮጌ ፖፖ ነበር። እሱን አጥቤ ባሳያቸው አማቴ "አቦ!" ብለው ሊነክሳቸው የመጣ ይመስል ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከሰዓት በኋላ ከገበያ ሲመለሱ ፎጣቸው ሥር አንድ ነገር ደብቀዋል። አዲስ፣ አረንጓዴ፣ እጀታ ያለው ፖፖ ነበር። የፕላስቲክ ዕቃ ሻጩ "ለማነው?" ሲላቸው "ለልጅ ነው" ብለውታል።

በማግስቱ ጎረቤቴ ዱቄት የሞላ ሳህን ይዛ መጣች።

"እንኳን ደስ አላችሁ!" አለች። "የልጅሽ ሚስት ወለደች አሉ። ምን ወለደች?"

በረንዳው ላይ የተቀመጡት አማቴ ሙስባሃቸውን መቁጠር አቁመው መሬት መሬት ያያሉ። "ገና ነው፤ ዱዓ አድርጊልን" አልኳት። ልጄ ያን ጊዜ ሚስት አግብቶ ገና ከጫጉላ አልወጣም ነበር። ጎረቤቴ ስትሄድ አማቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሁለታችንን ይዞን የነበረው ሐፍረት ግማሹ በዚያ ሳቅ ሄደ መሰለኝ።

ለምርመራው ቅዳሜን መረጡ። ጁምዓ እንዳይሆን ብለው ነበር። ጠዋት እሳቸው ቀድመው ገቡ፤ ከዚያ እኔ። ብልቃጣቸውን በሶፍት ጠቅልለው፣ በግራ እጃቸው ከጀለቢያቸው አርቀው፣ ጊንጥ እንደያዘ ሰው ነበር ይዘውት የወጡት። ሁለቱን ፕላስቲኮች ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ደረደርኳቸው። እንዳይምታታብኝ በእኔው ላይ ከሱቄ ያመጣሁትን ቀይ ክር አሥሬ ነበር። አንጠባጠብኩና እጃችንን በሳሙና ደጋግመን ታጥበን ተቀመጥን።

የእሳቸው መጀመሪያ መጣ። አንድ መስመር። ቆየን፤ ሌላ አልተጨመረም።

"አልሃምዱሊላህ!" አልኩ። በደስታ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ዓይኔ ክር ያሰርኩበት ላይ አረፈ።

አንዱ መስመር ደማቅ ነበር። ከጎኑ ሌላ መስመር፣ ቀለል ያለ ግን የማያጠራጥር፣ ወጥቷል። በትዳሬ መጀመሪያ በእርግዝና መመርመሪያ ላይ እንዲህ ሁለት መስመር አይቼ እልል ብያለሁ። አሁን ግን እንዳያዩት ብዬ ፕላስቲኩን በእጄ ልሸፍነው ሞከርኩ።

"ያንቺስ?" አሉ።

"ይቆይ ገና ነው።"

መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። እጄን በቀስታ ገለል አድርገው አዩት። ከዚያ ድንገት፣ "ይሄ የኔ ነው" አሉ።

"አይደለም አባዬ።"

"የኔ ነው። ተቀያይሮ ነው። ወንድሜም በዚሁ ነው የሞተ። የኔ ነው የሚሆነው።"

"ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ አባዬ። የኔ ነው።"

ክሩን ነኩት። መነጽራቸውን አወለቁ። እኔና ባሌ ከተጋባን ጀምሮ በአክብሮት ሲጠሩኝ "የቤቴ እመቤት" ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን ግን "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ "ልጄ" ማለት ነው። "ኢንተላ ኮ፣ ስልኩን አምጪልኝ።"

እኔ ልደውል ብል አልሰጡኝም። ራሳቸው ለሴት ልጃቸው ደወሉ። ያን ቃል በሕይወታቸው ጠርተውት የማያውቁት ሰው፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳይሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "የልጄ ሰገራ ውስጥ ደም ተገኘ። አሁን ምን እናድርግ?" አሉ።

በዚያች ሰዓት የእሷ ድምፅ እንደ ታላቅ ሰው ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። ስልኩን ወሰድኩት።

"ስሚኝ" አለችኝ። "ደም ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። ትንሽ ቁስል ሊሆን ይችላል፣ ውስጥ ያለ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ግን በካሜራ መታየት አለበት። ሌላ ካርቶን ገዝተሽ ድገሚ እንዳትይኝ። ሁለተኛው ንጹሕ ቢወጣ እንኳ የመጀመሪያው አይሻርም። ቀጠሮ እይዝልሻለሁ፤ ትመጫለሽ።"

ባሌ ሲደወልለት ጠረፉ ጋ ደርሶ ተራ ይጠብቅ ነበር። "ለእኔ የመጣውን ነው የሠራሽው?" አለ። "አዎ" አልኩት። "ምነው በኔ በሆነ" አለ። መኪናዬን ትቼ ልምጣ ሲል አባቱ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

"አንተ ያደራ ዕቃህን አድርስ። እኔ ምን ልሠራ ነው የተፈጠርኩት? እኔ አብሬያት እሄዳለሁ" አሉት።

በኛ አገር ሴት ልጅ ከአማቷ ጋር ለእንዲህ ያለ ነገር ስትጓዝ አይቼ አላውቅም። እኔም ከባሌ እህት በቀር ማንም እንዲያውቅ አልፈለግሁም ነበር። ግን የጉዞው ቀን ጠዋት ሚኒባሱ ጋ ስደርስ እሳቸው ቀድመው የፊቱን ወንበር ይዘውልኝ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እግራቸው ሥር አድርገው አገኘኋቸው። ከጭሮ ዳገት ወርደን ቆላው ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። በግራ በቀኝ ማሽላው ደርሶ አንገቱን ደፍቷል። እሳቸው ከየትኛው መንደር ምን ዓይነት ጫት ይገዙ እንደነበር፣ የትኛው ገበሬ እንደሚያታልላቸው፣ የትኛው እንደማያታልል ሲነግሩኝ አዋሽ ደረስን። ስለ ሕመም አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም በሄድንበት መንገድ ሁሉ የፈራሁት ከጠበቅሁት ያነሰ ነበር።

ለካሜራው ምርመራ አንጀት ባዶ መሆን አለበት። የባሌ እህት ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሰዓት በፊት ጀምሬ የሚያስቀምጠውን መድኃኒት በውሃ እየበጠበጥኩ ጠጣሁ። ጨው ጨው የሚል፣ ሎሚ አለው ቢሉም ሎሚ ያላየ ነገር ነው። ብዙም ሳይቆይ መመላለስ ጀመርኩ። እንደ ክፉ አጋጣሚ በዚያው ቀን የሕንፃው ውሃ ጠፋ።

አማቴ ያን ሲሰሙ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ታጠቁ። እህትየዋ ሥራ ላይ ናት። ግቢው ውስጥ ካለው ታንከር ዘበኛውን እየለመኑ ጀሪካን አስሞሉ፤ ዘበኛው እስከ ደረጃው አፍ ያደርስላቸዋል፣ ከዚያ እሳቸው በትንሽ በትንሹ እየገለበጡ ያወጣሉ። "አባዬ ይተዉ፣ እኔ እወርዳለሁ" ብል "አንቺ ከዚያ ክፍል አትራቂ" አሉኝ። ራሳቸው ለውዱእ እንኳ መጸዳጃ ቤቱን ላለመሻማት ወደ ሰፈሩ መስጊድ ይሄዱ ነበር።

ወደ አመሻሹ ሆዴ ውስጥ ምንም እንዳልቀረ ተሰማኝ። ከመጸዳጃው በር ውጭ ወንበር አድርገው እንደተቀመጡ ይታወቀኛል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኢንተላ ኮ" አሉ።

"አቤት አባዬ።"

"ግቢው እንዴት ነው?"

ሳቄ ቀድሞኝ መጣ። "ተጠርጓል አባዬ፤ እንደ መስታወት ነው" አልኳቸው። እሳቸውም ውጭ ሆነው ሲስቁ ሰማሁ።

በነጋታው ሆስፒታል ውስጥ መርፌ ሲሰጡኝ የማስታውሰው የባሌ እህት እጄን ይዛ እንደነበር ነው። ከዚያ እንቅልፍ ነው። ስነቃ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ስዕሉን በስክሪን አሳየን። ሮዝ የመሰለ ንጹሕ መንገድ ነው፤ እኔ የራሴ ውስጥ እንዲህ ያማረ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር። ከግድግዳው ላይ ግን አንድ ነገር እንደ እንጉዳይ አንገት አውጥቶ ቆሟል።

"ፖሊፕ ይባላል" አለ። "ደሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። አውጥተነዋል። ወደ ላብራቶሪ ልከነዋል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ እዚያ ይታያል። በመልኩ ግን ክፉ አይመስልም።"

አማቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ቆዩና፣ "ከሥሩ ነው የወጣው ወይስ ከአንገቱ የተቆረጠው?" አሉ። "ጫት ከአንገቱ ከቆረጥከው መልሶ ያቆጠቁጣል።"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "ከሥሩ ነው አባ። ቢሆንም እርስዎ እንዳሉት ሌላ ቦታ ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰን እናያለን።"

"እንዲህ ነው ገበሬ!" አሉ አማቴ።

ከዚያ ወደ ጭሮ ተመለስን፤ መጠበቅ መጣ። መጠበቁ እንደሚያወሩት ክፉ ነበር ማለት አልችልም። ቀን ሱቅ እከፍታለሁ፤ ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ የሚገዙ ሙሽሮች ይመጣሉ፤ ጨርቅ እዘረጋለሁ፣ አጥፋለሁ። ባሌም በዚያ መሐል ተመልሶ ጥቂት ቀን ሰነበተ፤ ሾርባ ይሠራልኛል፣ ያለወትሮው ሱቅ ድረስ ይሸኘኛል። አንዳንዴ ጨርቁን ስለካ እጄ ቀጥ ብሎ ይቆምብኛል። የመሰላው የባሌ አጎት ትዝ ይሉኛል። ከዚያ ደንበኛዋ "ቀለሙ ይለቃል ወይ?" ትለኛለች፤ "አይለቅም" እላታለሁ፤ ቀኑ ይቀጥላል።

የባሌ እህት የደወለችው ባሌ ወደ መንገዱ ከተመለሰ በኋላ፣ ሱቄ በሰው በተሞላ ሰዓት ነው።

"ተቀምጠሻል?" አለችኝ።

"ቆሜያለሁ። ንገሪኝ።"

"ካንሰር አይደለም። ግን ለዓመታት ቢተው ወደዚያ ሊለወጥ የሚችል ዓይነት ነበር። አሁን የለም። ወጥቷል። ሰማሽ? የለም።"

ደንበኞቼን ይቅርታ ጠይቄ ሱቁን ገርበብ አደረግሁት። አማቴ ያን ሰዓት ከጓደኞቻቸው ጋር በርጫ ላይ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ጫት ይዘው የሚቀመጡበት ቤት ከእኛ ጥቂት በር አልፎ ነው። ሴት አይገባበትም። በሩ ላይ ቆሜ አስጠራኋቸው። አንዱ ጉንጫቸው ሞልቶ ወጡ። ፊቴን ሲያዩ ገባቸው መሰለኝ ደረጃው ላይ ቆሙ።

"የለም አሉ አባዬ" አልኳቸው። "ክፉ ነገር የለም።"

አፋቸው ስለሞላ መናገር አልቻሉም። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው በከንፈራቸው ብቻ ረጅም ዱዓ አደረጉ። አላፊ አግዳሚው ያየናል። አልገደዳቸውም። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ ወዲያው ደግሞ ከውስጥ የሽማግሌዎቹ "አሚን!" የሚል ድምፅ ሲያስተጋባ ሰማሁ።

ባሌ በሚቀጥለው ምልልሱ ሲገባ አዲሱ ካርቶን ይጠብቀው ነበር። ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ በሙዝ። አንድ መስመር ወጣለት።

የቀረው የእኔ ወገን ነበር። ሐኪሙ ወንድም እህት ካለኝ እነሱም መመርመር እንዳለባቸው ነግሮኛል። ታላቅ እህቴ ሚኤሶ አውራ ጎዳናው ላይ የሹፌሮች ምግብ ቤት አላት። በስልክ ስነግራት "እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም" ብላ ዘጋችብኝ። ስለዚህ ሌላ ካርቶን ይዘን ወረድን። አማቴ "እኔ ካልመጣሁ አይሆንም" ብለው አብረውኝ ናቸው።

የሚኤሶ ቀትር ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀቱ ይንጫጫል። ውጭ ከባድ መኪኖች ተደርድረዋል። እህቴ በላብ ተጠምቃ ታስተናግዳለች፤ ድስት ይዛ ትገባለች፣ ሒሳብ ትጮሃለች። ለአማቴ የተቆረጠ ሐብሐብ አቀረበችላቸውና በቆመችበት ሰማችን።

"እኔ ጤነኛ ነኝ አባ" አለች። "ድንጋይ ቢሰጡኝ የሚፈጭ ሆድ ነው ያለኝ። አመመኝ ያልኩ ቀን እመረመራለሁ።"

አማቴ ሐብሐባቸውን አስቀመጡ። "እሷም ጤነኛ ነበረች" አሉ ወደኔ እየጠቆሙ። "ወንድሜ አመመኝ ብሎ ነው የተመረመረው። መሰላ ነው የቀበርነው። ይሄ ያላመመው ሰው ምርመራ ነው፣ ልጄ።"

እህቴ ድስቷን እንደያዘች ቆመች። አየችኝ። ከሁሉም በላይ የምታውቀኝ ሰው ናት፤ ምንም ሳልጨምር ሁሉንም ፊቴ ላይ አነበበችው። "አምጪው" አለች። ካርቶኑን ተቀብላ ከመቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው፤ "አሠራሩን ግን አንቺ ንገሪኝ፤ እሳቸው ፊት አልችልም" ብላ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከጀርባዋ የሳህንና የመኪና ጥሩምባ ድምፅ ይሰማል።

"አንድ ነው!" አለች። "አንድ መስመር ብቻ! እልልታዬን ሹፌሮቹ ሰምተው ምን አገኘሽ እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን ንገሪያቸው" አልኳት።

ስልኩን ሳትዘጋ ዞር ብላ ነገረቻቸው፤ ሰገራውንም፣ ብልቃጡንም፣ መስመሩንም፣ አንድ ሳታስቀር። አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ "እኔስ ከየት ነው የማገኘው?" ሲል ሰማሁት።